የደብረ ብርሃንን አሮጌ ቤቶች በጥቁርና ነጭ ማንሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካሜራ አንግቤ ከተማውን ስዞር የሚያስቆሙኝም፣ ማታ በስልክ የሚጽፉልኝም የሚጠይቁኝ ይኼንኑ ስለሆነ አንድ ላይ ጻፍኩት።

ቀለም እያለ ለምን ጥቁርና ነጭ?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የጀመርኩት ለጥበብ ብዬ አይደለም። አሮጌ ቤት ፊት ለፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቆማል። ቢጫ ጄሪካን፣ ሰማያዊ ባጃጅ፣ የቢራ ጃንጥላ። ቀለም ካለ ዓይን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጄሪካኑ ነው። ቀለሙን ስታወጡት ጄሪካኑ አንድ ተራ ግራጫ ዕቃ ሆኖ ጥግ ይይዛል፣ ቤቱ ወደ ፊት ይመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ድንጋዩ ነው። የእኛ ደጋ ቤት ባብዛኛው የድንጋይ ቤት ነው። ቀለሙ ያው ግራጫና ቡናማ ነው፣ በቀለም ብታነሱትም ብዙ አትጠቀሙም። የሚያምረው የመዶሻው ምልክት፣ በድንጋይና በድንጋይ መሀል የገባው ጥላ፣ የጭቃው ስንጥቅ፣ ደጁ ላይ የተከመረው ኩበት ነው። ይኼ ሁሉ የብርሃንና የጥላ ጉዳይ ነው። ጥምቀትን በጥቁርና ነጭ የሚያነሱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ያን ሁሉ ጥለት ግራጫ ማድረግ ግፍ ይመስለኛል።

ስልኬ ይበቃል ወይስ ካሜራ ልግዛ?

ስልክ ይበቃል። ቤት አይሮጥም፣ ስለዚህ ውድ ካሜራ የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያት እዚህ የለም። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ግዙ። ካሜራ ካላችሁ ደግሞ ሌንሱን ኤፍ 8 ላይ (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ መካከለኛ መጠን ላይ) አድርጉት፣ አይሶውን (ለብርሃን ያለውን ንቃት) ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ ስለ ዕቃው ማሰብ ተዉ።

ግን ደብረ ብርሃን ውስጥ ምን አሮጌ ነገር አለና ነው?

ይኼን የሚጠይቁኝ ባብዛኛው የዚሁ ልጆች ናቸው። ከተማዋን የቆረቆረው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው፣ በ15ኛው መቶ ዘመን። ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው ስሟ የወጣው፤ በመጨረሻው የግዛት ዘመኑም ብዙውን ጊዜ የኖረው እዚሁ ነው። (በብርሃን ስም በተጠራ ከተማ እየኖርን ስለ ብርሃን እጥረት ስናማርር ይገርመኛል።) የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ግን ቆሞ አታገኙትም። እሱን ፍለጋ የሚመጣ ሰው አዝኖ ይመለሳል።

ዛሬ የምናነሳው ባብዛኛው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ያለውን ነው። የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ በዋናው መንገድ ዳር ያሉ የጥርብ ድንጋይ ቤቶች፣ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ሱቆች፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው አካባቢ፣ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት። ትንሽ ወጣ ካላችሁ ደግሞ ምኒልክ በ1836 የተወለዱባት አንጎለላ አለች፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለው ዋሻ አለ፣ አንኮበር አለ። ወደ መንዝ ስትወጡ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳና ሳር ክዳን ያለው የገበሬ ቤት አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም አስቀድሜ የማነሳው እሱን ነው። ግንብ ብትዘገዩም ይጠብቃል። ሳር ክዳኑ ግን በሚቀጥለው ዓመት ስትመለሱ ቆርቆሮ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ስንት ሰዓት ላይ ልውጣ?

ጠዋት ፀሐይ ከወጣችበት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ። ፀሐይ ዝቅ ስትል ግድግዳውን ከጎን ነው የምትነካው፣ ያኔ እያንዳንዱ ድንጋይ የየራሱን ጥላ ይጥላል። ያንኑ ግድግዳ 6 ሰዓት ላይ ብታዩት በላጲስ የተደመሰሰ ይመስላል።

ሰው የማያስተውለው የግድግዳውን አቅጣጫ ነው። ደቡብ የዞረ ግድግዳ በታኅሣሥና በጥር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። ሰሜን የዞረውን ግን ፀሐይ የምትነካው ከመጋቢት 12 እስከ መስከረም 12 ገደማ ባለው ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያም ላይ ክረምቱ ድርሻውን ይወስዳል። ላነሳው የምፈልገው አንድ ሰሜን የዞረ የእንጨት በረንዳ ነበር፤ ሦስት ጊዜ በጥር ሄጄ ሦስቴም በጥላ ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት። በግንቦት መጨረሻ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብሄድ ፀሐይዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወጥታ የበረንዳውን ፍርግርግ አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ጽፋዋለች። ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 አካባቢ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ እንጨት ብታቆሙ ጥላው እዚያው እግሩ ሥር ነው። በዚያ ሰዓት ምሳችሁን ብሉ።

የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት አየሩ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ከ2,800 ሜትር በላይ እንደሆንን አትርሱ። ውርጩ ባትሪ ይጨርሳል። ትርፉን ባትሪ ከውስጥ ኪሳችሁ፣ ከሰውነታችሁ ጋር አስጠግታችሁ ያዙት። ከውጭ ብርድ ቀጥታ እሳት ወዳለበት ቤት ከገባችሁም ሌንሱ ላብ ያወጣል። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

ሰማዩ ባዶ ነጭ ወረቀት ይሆንብኛል፤ ምን ላድርግ?

በበጋ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። የእኛ ከፍታ ላይ ሰማዩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። በፊልም የምታነሱ ከሆነ ሌንሱ ላይ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ማጣሪያ ግጠሙ፣ ሰማያዊውን ብርሃን አግዶ ሰማዩን ያጠቁረዋል። በስልክ ከሆነ በቀለም አንሱና ኋላ ስታስተካክሉ የሰማያዊውን መጠን ዝቅ አድርጉ። ልክ ይኑራችሁ ብቻ፤ ጥቁር ሰማይ ሥር የቆመ ቤት የጦርነት ዜና ይመስላል።

በክረምት ግን ሰማዩ እውነትም ነጭ ነው። ከፍሬሙ አውጡትና ወደ በሩ፣ ወደ መዝጊያው፣ ወደ ደረጃው ተጠጉ። ደመናማ ቀን ለተቀረጸ በር ምርጥ ቀን ነው።

በኖራ የተቀባው ግድግዳ ለምን ግራጫ ይወጣል? ቆርቆሮውስ ለምን ነዶ ባዶ ነጭ ይሆናል?

ካሜራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ስለሚወድ ነው። ነጭ ግድግዳ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልመዋል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) በአንድ ከፍ አድርጉት፣ ኖራው ኖራ ይሆናል። አዲስ ቆርቆሮ ደግሞ እንደ መስታወት ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ስትሄዱ ነጸብራቁ ይጠፋል። ካልጠፋ ኤክስፖዠሩን ለጣሪያው ዝቅ አድርጋችሁ አንሱና ጥላውን ኋላ ስታስተካክሉ አፍኩት፤ አንዴ የነደደ ነጭ አይመለስም። የዛገ ቆርቆሮ ካገኛችሁ ግን ምንም ሳትነኩ አንሱት። እሱን የመሰለ ግራጫ የትም የለም።

ቤቱ ወደ ኋላ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። ለምን?

ስልኩን ወደ ላይ ስላጋደላችሁት ነው። ራቅ በሉ፣ ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን የመስመር ፍርግርጎች ከግድግዳው ጠርዝ ጋር አስማሙ። የእኛ አገር ችግር መንገዱ ጠባብ ሆኖ ራቅ የሚባልበት ቦታ አለመኖሩ ነው። ያኔ ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ ባለቤት አስፈቅዳችሁ በረንዳው ላይ ውጡ። ስናፕሲድን የመሰሉ መተግበሪያዎችም ያቃናሉ፣ ዳር ዳሩን ስለሚቆርጡ ግን ስታነሱ ትርፍ ቦታ ተዉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እውነትም የተንጋደደ ቤት አለ። ቀጥ አድርጌ ስለጥፈው ባለቤቱ «መቼ አሠራሁት?» ብሎ አስቆኛል።

ስልኩ ላይ ጥቁርና ነጭ የሚለውን ማጣሪያ ብነካ አይበቃም?

አንዳንዴ ይበቃል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይበቃም። ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ቡናማ የድንጋይ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ በር አለ። ለዓይን ሰማይና ምድር ናቸው። ማጣሪያውን ስትነኩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆኑና በሩ ይጠፋል። ሁለቱ ቀለሞች ይለያዩ እንጂ የብርሃን መጠናቸው እኩል ስለሆነ ነው።

መላው በቀለም ማንሳት፣ ከዚያ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ለየብቻ ማንቀሳቀስ ነው። አረንጓዴውን ዝቅ ብታደርጉ በሩ ይጠቁራል፣ ቀዩን ከፍ ብታደርጉ ግድግዳው ይፈካል፣ በሩ ተመለሰ ማለት ነው። ስልካችሁ ራው የሚባለውን ፋይል (ስልኩ ራሱ ያላስተካከለውን ጥሬ ምስል) የሚይዝ ከሆነ እሱን ክፈቱት፣ ለማስተካከል ሰፊ ሜዳ ይሰጣል። የቀለሙንም ፋይል አትሰርዙ። ከሃያ ዓመት በኋላ «በሩ ምን ዓይነት ነበር?» የሚል ሰው ይመጣል።

ፊልም ዛሬም ይገኛል? ራሴ ማጠብ እችላለሁ?

ፊልም ዛሬም ይሠራል። እንደ ኢልፎርድ ኤችፒ 5 ያሉት፣ አይሶ 400፣ 36 ፍሬ የሚያነሱት። ብዙዎቻችን የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው። ዘመዳችሁን በእጅ ሻንጣው እንዲይዘው ንገሩት፤ የሚጫነው ሻንጣ የሚፈተሽበት ኤክስሬይ ፊልም ያበላሻል።

ማጠቡ የሚፈራውን ያህል አይደለም። የማጠቢያ ታንክ፣ ምስሉን የሚያወጣው ዴቨሎፐር፣ ሥራውን የሚያስቆመው ስቶፕ ባዝ፣ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር፣ ጨለማ ክፍል። ዴቨሎፐሩ 20 ዲግሪ ይፈልጋል፣ እዚህ ላይ ነው የደብረ ብርሃን ሰው የሚቸገረው። የበርሜል ውኃችን ጠዋት እጅ ያሳምማል። በቀዝቃዛ ውኃ ካጠባችሁ ምስሉ ሳስቶ ይቀራል። እኔ ማንቆርቆሪያ ጥጄ፣ የሕፃን ቴርሞሜትር ይዤ፣ ቀዝቃዛውን ከሙቁ እያማታሁ ነው የምሠራው።

ለፎቶ ቤት ከሰጣችሁ ግን አፍ አውጥታችሁ «ጥቁርና ነጭ ነው» በሉ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለአንድ ፎቶ ቤት ሰጠሁ፣ ልጁ በቀለም ፊልም ኬሚካል አጠበው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ምስሉን የሚይዘው ብር ነው፣ የቀለሙ ኬሚካል ደግሞ ብሩን ጠራርጎ ያወጣል። 36 ፍሬ የአንጎለላ ፎቶ እንደ መስኮት ላስቲክ ጥርት ብሎ ተመለሰልኝ። ልጁ ምን አለ? «ምንም አላነሳህበትም እኮ።»

አንኮበር ብሄድ ቤተ መንግሥቱን አነሳለሁ?

የምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥት አታነሱም። ኮረብታው ላይ ዛሬ የምታዩት በቀድሞው አምሳል የተሠራ ሎጅ ነው። ብዙ ሰው እሱን በጥቁርና ነጭ አንስቶ «የምኒልክ ቤተ መንግሥት» ብሎ ይለጥፋል፣ ሌላው ደግሞ አምኖ ያጋራል። ከድሮው የቀረውን የግንብ ቅሪት ፈልጉና እሱን አንሱ፣ ሎጁንም ሎጅ ብላችሁ ጻፉ።

እኔ አንኮበር የምሄደው ለሕንጻው ሳይሆን ለቆመበት ቦታ ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ እዚያ ላይ ያልቅና ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። የሸዋ ነገሥታት ለምን እዚህ እንደተቀመጡ አፋፉ ላይ ስትቆሙ ይገባችኋል፤ ከታች የሚመጣ ሰው ሳይታይ አይመጣም። በ1833 የእንግሊዝ መልዕክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጡ ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ አብሯቸው ነበር፣ አካባቢውንም ሥሏል። ሥዕሎቹን በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቤቶቹ የሉም፣ የተራራው ጠርዝ ግን አለ። የተራራውን መስመር ከሥዕሉ ጋር እያስተያያችሁ እሱ የቆመበትን ቦታ መፈለግ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ እንደሱ ደስ የሚል ግማሽ ቀን አላሳለፍኩም። ጭጋግ ቶሎ መጥቶ ስለሚሸፍነው በጠዋት ድረሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

ቤተ ክርስቲያን ማንሳት ይፈቀዳል?

ከግቢው ውጭ ሆኖ ሕንጻውን ማንሳት አብዛኛውን ጊዜ አያጣላም። ቅጽሩ ውስጥ ከገባችሁ ግን አስተዳዳሪውን ወይም ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዱ። «አባ፣ ይባርኩኝ» ብላችሁ፣ መስቀል ተሳልማችሁ፣ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ እንዳለ አስረዱ። ካሜራ አንጠልጥሎ የሚያስፈቅድ ሰው ያነሳ ይመስላል። ወደ መቅደስ ካሜራ አታዙሩ። ቅዳሴ ላይም አታንሱ። ውስጥ ሥዕል እንድታነሱ ከተፈቀደላችሁ ፍላሽ ይቅር።

ክብ ቤተ ክርስቲያን ለጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ጠዋት በምሥራቅ በኩል የፈካው ግድግዳ እየዞረ ሲሄድ ቀስ በቀስ እየጨለመ ይሄዳል፣ መስመር የለውም። ከነጭ እስከ ጥቁር ያለው ሁሉ ግራጫ አንድ ግድግዳ ላይ ነው። ጉልላቱን እንዳትቆርጡት ብቻ። ፎቶውን ያሳየኋቸው አንድ መሪጌታ ሌላውን ሁሉ ትተው «አናቱ የታለ?» ነበር ያሉኝ።

የሰው ቤት ሳነሳ ባለቤቶቹ ይቆጣሉ። ምን ልበል?

መቆጣታቸው ልክ ነው። ከተማው እየሰፋ ነው፤ ካሜራ ይዞ ቤት የሚያይ ሰው ከመጣ ወይ ሊያፈርስ ነው ወይ ሊለካ ነው። ጠባሴ አካባቢ አራት መስኮት ያለው የድንጋይ ቤት ሳነሳ አንዲት እናት ብቅ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ከማዘጋጃ ነህ?» አሉኝ። «አይደለሁም እማማ፣ የዚሁ ልጅ ነኝ» አልኩ። «የማን ልጅ?» የአባቴን ስም ስነግራቸው አባቴን በልጅነቱ ያውቁታል። ከዚያ ወዲያ ፎቶው ቀርቶ ቆሎና ቡና ሆነ። በመጨረሻ «በል አንሳ፤ ግን ደጁ ሳይጠረግ አይሆንም» ብለው ራሳቸው ጠርገው አነሳሁ። ስለዚህ መልሱ ይኼው ነው፦ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ ፎቶው ለምን እንደሆነ ንገሩ፣ አሳትማችሁ አንድ ቅጂ አምጡ። ቅጂ አመጣለሁ ብሎ የቀረ ሰው ከኋላው ለሚመጣው ሁሉ በር ይዘጋል። እምቢ ካሉ ደግሞ አመስግኖ መሄድ ነው። የመንግሥት ተቋማትን፣ ድልድይንና የጸጥታ ኃይል ያለበትን ቦታ ግን ጭራሽ አታንሱ፤ እዚያ የማን ልጅ መሆናችሁ አይጠየቅም።

የአያቴን አሮጌ ፎቶ እንዴት ልቅዳው?

ስካነር ካገኛችሁ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)። ካላገኛችሁ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ፣ በጥላ ቀን መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ልክ ከበላዩ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። በመብራት ከሆነ ሁለት አምፖል ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አድርጉ፣ አያብረቀርቅም። መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ በጉልበት አትላጡ፣ ከነመስታወቱ ቅዱት። ላሚኔት አታስደርጉ። ሙቀቱና ሙጫው ለዘለዓለም ነው፣ መመለሻ የለውም።

ጀርባውንም አንሱ። የፎቶ ቤት ማህተም፣ ቀን፣ «ለውድ ወንድሜ» የሚል ጽሑፍ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ማህተሙ ዘመን ለመገመት ይረዳል። ፎቶ ቤት ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ሙያ ነበርና፤ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እንኳ ሙያውን ለልጆቹ አውርሷል።

ስንት መረጃ ነው ከፎቶው ጋር የምጽፈው?

ቦታ፣ ቀን፣ የባለቤት ስም ከፈቀዱ፣ የቆማችሁበት አቅጣጫ። በቃ። በእርሳስ ጀርባው ላይ፣ በስልክ ከሆነ ደግሞ በፋይሉ ስም። ይኼን የምለው ተምሬ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ምንም ሳልጽፍ ነው ያነሳሁት። ዛሬ ከስልሳ በላይ ቤቶች አሉኝ፣ የማን እንደሆኑና የት እንደነበሩ የማላውቃቸው። ግማሾቹ ፈርሰዋል፣ ሄጄ ላስተያይ ብል እንኳ አልችልም።

ፎቶዬን ሰው ያለ ስሜ ለጠፈው። መብት አለኝ?

አላችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል፣ ፎቶው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት። መጀመሪያ ግን በውስጥ መስመር ጻፉለት። ብዙው ሰው አላወቀም እንጂ ክፉ አይደለም፣ ስማችሁን ጨምሮ ይቅርታ ይላል። የመጀመሪያውን ትልቅ ፋይል ለማንም አትስጡ፤ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

አዲሱን ፎቶ የድሮ አስመስዬ ብለጥፈውስ? የድሮውን በኮምፒውተር ቀለም ብቀባውስ?

የመጀመሪያውን አታድርጉት። ቡናማ ማድረግ፣ ጭረት መጨመር፣ ጥጉን ማቃጠል። ፎቶው ያምር ይሆናል፣ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ «ይኼ ቤት በ1930ዎቹ እንዲህ ነበር» ብሎ ይጽፍበታል። የኤሌክትሪክ ገመድ ማጥፋትም ከዚሁ ይቆጠራል። ገመዱ ያስቀይማል፣ ግን ነበረ። ማንሳት ካልፈለጋችሁ ቦታ ቀይሩ።

የድሮውን ቀለም መቀባት ላይ ሰዎች ይከራከሩኛል። መልኩን አይቶ የሚያለቅስ ልጅ አይቻለሁ፣ ስለዚህ አትቀቡ አልልም። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የካባውን ቀለም አያውቅም፣ ገምቶ ነው። በግምት የተቀባ መሆኑን ሥሩ ላይ ጻፉ፣ ያልተቀባውንም አብራችሁ አስቀምጡ።

ፎቶ ማንሳት ቤቱን ከመፍረስ ያድነዋል?

ብቻውን አያድነውም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መለወጥም ሆነ ከቦታው ማንሳት ይከለክላል። ችግሩ ተራ የመኖሪያ ቤት እዚያ መዝገብ ውስጥ ለመግባት ስንት ወረቀት ይጠይቃል። ቀን፣ ቦታና አራቱንም ማዕዘን የያዘ ፎቶ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሲቀርብ ከባዶ አቤቱታ ይሻላል። ይኼን ያህል ነው የሚረዳው። ከዚህ በላይ የሚነግራችሁን አትመኑ።

ያ አራት መስኮት ያለው የጠባሴ ቤት አሁን የለም። እማማም የሉም። ለተስካሩ ሄጄ ልጆቻቸው ድንኳን ውስጥ አያታቸው የሞቱበት ክፍል የትኛው እንደነበር ይከራከራሉ። አንዱ ጓዳው ነው ይላል፣ አንዷ አይደለም ትላለች። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ሰጠኋቸው። አምስት ራስ አንድ ስክሪን ላይ ተደፋ፣ በጣት ከፈቱት፣ መስኮቶቹን ከግራ ቆጠሩ። ሦስተኛው ነው ተባለ፤ መዝጊያው ላይ ትንሽ የተሰበረ ሳንቃ ነበረ፣ እሱ ፎቶው ላይም ይታያል።